ኮሌስትሮሌ ከዘር ነው ወይስ ከመቀመጥ? በ15 ሳምንት የሚለይበት መንገድ

የምሠራው ላብራቶሪ ነው፣ ባሕር ዳር። ውጤት በመስኮት ስሰጥ ወረቀቱን የተቀበለ ሰው ሁለት ጥያቄ አያጣም። አንዱ «እኔ ቀጭን ነኝ፣ በእግሬ ነው የምሄደው፣ እንዴት እኔን ያዘኝ?» ነው። ሌላው «ስፖርት ብጀምር ይወርዳል አይደል?» ነው። ከኋላ ሰልፍ አለ። በመስኮት በኩል የምሰጠው መልስ አጭር ነው፣ አጭሩ መልስ ደግሞ ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው። ስለዚህ ሙሉውን እዚህ ጻፍኩት።

ከፊሉ ይወርዳል፣ ከፊሉ አይወርድም። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሰውነት ውስጥ ካለው ኮሌስትሮል አብዛኛውን የሚሠራው ራሱ ሰውነታችን ነው፣ ዋናው ሠሪም ጉበት ነው። መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤልን፣ ከደም ውስጥ ለቅሞ የሚያስወጣውም እሱው ነው፣ በላዩ ባሉ ተቀባዮች አማካይነት። ተቀባዮቹን የሚያሠራው ጂን (ዘረመል) አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት ይመጣል። አንዱ ተበላሽቶ ከመጣ ለቀማው በግማሽ ይቀንሳል፣ ኤልዲኤሉም ከልጅነት ጀምሮ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። በዓለም ላይ ከ250 ሰው አንዱ ገደማ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል። ከዚህ ሌላ እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ የሚገፉ ብዙ ጂኖች አሉ።

እንቅስቃሴ በዋናነት የሚሠራው ሌላ ቦታ ነው፣ ጡንቻ ላይ። የሚሠራ ጡንቻ በደም ውስጥ የሚዞረውን ስብ (ትራይግሊሰራይድ) የሚፈታ ኢንዛይም ያበዛል። ስለዚህ ትራይግሊሰራይድ በደንብ ይወርዳል፣ ጥሩ የሚባለው ኮሌስትሮል፣ ኤችዲኤል፣ ጥቂት ይጨምራል፣ ኤልዲኤል ግን ቢወርድም ትንሽ ነው። ያውም ከሰው ሰው ይለያያል። ሄሪቴጅ የተባለው የሰሜን አሜሪካ ጥናት ወላጆችንና ልጆችን ለ20 ሳምንት ብስክሌት አስነድቶ ነበር። አንድ ዓይነት ልምምድ ሠርተው የአንዱ ኤችዲኤል ከፍ ሲል የሌላው ንቅንቅ አላለም። ልዩነቱም በከፊል ቤተሰብ እየተከተለ ነው የሚሄደው።

ስለዚህ የጎረቤታችሁ ውጤት ለእናንተ መልስ አይሆንም። የራሳችሁን መለካት ነው።

መጀመሪያ ይህን አንብቡ

ስትራመዱ ወይም ዳገት ስትወጡ ደረታችሁን የሚጨንቃችሁ ከሆነ፣ ስኳር ወይም የደም ግፊት ካለባችሁ፣ የምታጨሱ ከሆነ፣ ወይም ኤልዲኤላችሁ 190 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም ይያችሁ። የኮሌስትሮል መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ለዚህ ሙከራ ብላችሁ አታቋርጡ። እርጉዝ የሆነች ሴት ይህን ከወሊድ በኋላ ታድርገው። በእርግዝና ወቅት ኮሌስትሮል በራሱ ስለሚጨምር ቁጥሩ ያሳስታል።

በጉዞ ላይ ደረት ከተጫናችሁ፣ ሕመሙ ወደ ግራ እጅ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቃችሁ፣ ቁሙ። ከዚያ ወደ ሆስፒታል። «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ፍለጋ አይኬድም።

የሚያስፈልጋችሁ

- አንድ ደብተር (ስልክ ላይ መጻፍም ይቻላል፣ ስልክ ግን ይጠፋል)
- ተረከዙ የሚይዝ ጫማ። በኮንጎ ጫማ 40 ደቂቃ ፈጥናችሁ ከሄዳችሁ ጣታችሁ ይመሰክራል
- ሰዓት
- የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ወገብ ለመለካት
- የሁለት ምርመራ ገንዘብ። ስታዙ «ሊፒድ ፕሮፋይል» በሉ፣ «ኮሌስትሮል» ብቻ ካላችሁ አንድ ቁጥር ይዛችሁ ትመለሳላችሁ
- ብስክሌት፣ ካላችሁ። ባሕር ዳር ላለ ሰው ይህ ችግር አይደለም

1. ወረቀቱን ማንበብ ተማሩ

አራት ቁጥር አለ፦ ጠቅላላ ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤል፣ ኤችዲኤል፣ ትራይግሊሰራይድ። ከቁጥሩ በፊት ግን ከጎኑ ያለውን መለኪያ እዩ። አንዱ ላብራቶሪ በሚሊግራም በዴሲሊትር ይሰጣል፣ ሌላው በሚሊሞል በሊትር።

የዳንግላው አጎቴ፣ በእናቴ በኩል፣ መጀመሪያ 228 ተባሉ። ከወራት በኋላ ሌላ ቦታ ተመረመሩና 5.9 የሚል ወረቀት ተሰጣቸው። ከ228 ወደ 5.9! ደስ ብሏቸው በዚያው ሳምንት ቅርጫ ገቡ። ወረቀቱን ሲያሳዩኝ 5.9ን በ38.67 አባዛሁት፣ 228 መጣ። ሥጋው ግን ተበልቷል።

ጠቅላላን፣ ኤልዲኤልንና ኤችዲኤልን ከሚሊሞል ወደ ሚሊግራም ለመቀየር በ38.67 አባዙ። ትራይግሊሰራይድ በ88.6 ነው። ከዚህ በኋላ የምጽፈው ሁሉ በሚሊግራም ነው።

ኤልዲኤል ወረቀቱ ላይ ከሌለ አስሉት፦ ጠቅላላ ሲቀነስ ኤችዲኤል፣ ሲቀነስ የትራይግሊሰራይድ አንድ አምስተኛ። የአጎቴ ጠቅላላ 228፣ ኤችዲኤል 42፣ ትራይግሊሰራይድ 180 ነበር። 228 − 42 − 36 = 150። ትራይግሊሰራይዱ ከ400 በላይ ከሆነ ይህ ስሌት አይሠራም።

ለመነሻ ያህል፦ ኤልዲኤል ከ100 በታች ጥሩ ነው፣ 160 ከፍተኛ ነው፣ 190 እና ከዚያ በላይ ዘር የሚያስጠረጥር ነው። ኤችዲኤል ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 በታች ዝቅተኛ ይባላል። ትራይግሊሰራይድ ከ150 በታች ይሁን።

2. ዘራችሁን ቁጠሩ፣ በሞት ምክንያት

ጎጃም ውስጥ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር የሚችል ሰው ሞልቷል፣ ለጋብቻ ስለሚያስፈልግ። አያቱ በምን እንደሞተ ስትጠይቀው ግን «በድንገት» ይልሃል። ለእኛ የሚያስፈልገን ሰባት ቤት አይደለም። እናት፣ አባት፣ ወንድም፣ እህት፣ ልጅ፣ ከዚያ አጎት፣ አክስትና አያት ይበቃሉ።

«በምን ሞቱ?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ምች፣ ዓይን ወይም መድኃኒት አበሏቸው ነው የሚሆነው። ምን ሲያደርጉ እንደነበርና ምን እንዳሉ ጠይቁ። የሞጣዋን አክስቴን ስለ ታላቅ ወንድማቸው እንዲህ ነበር የጠየቅኋቸው።

«ጋሼ በምን ሞቱ?»
«ምች ነው ልጄ።»
«ምን ሲያደርጉ ነበር?»
«ከገበያ ገቡና ደረቴን አሉ። ላብ አጠመቃቸው። ዳማከሴ እስክንጨምቅ አልቆዩም።»
«ዕድሜያቸው ስንት ነበር?»
«እኔ እንጃ።»
«ደርግ ሲገባ ስንት ይሆናቸው ነበር?»
«ያኔማ ጎረምሳ ነበሩ፣ ሃያ ቢሆናቸው ነው። የሞቱት በምርጫው ዓመት።»

ደርግ የገባው በ1966 መጨረሻ ነው፣ ምርጫው በ1997። 51 ዓመት ገደማ ማለት ነው። ደረት፣ ላብ፣ 51 ዓመት። በእርግጠኝነት ድንገተኛ የልብ ሕመም ነበር ማለት አልችልም፣ ደብተሬ ላይ ግን ምልክት አደረግኩበት።

ምልክት የሚደረገው ወንድ ከ55 ዓመት በፊት፣ ሴት ከ65 ዓመት በፊት በልብ ሕመም ወይም እንዲህ በድንገት ከሞቱ ነው። በ85 ዓመት የሞተ ሰው አይቆጠርም። ይህ ደረጃ ለምን ይጠቅማል ብትሉ፣ ሐኪሙ ተመሳሳይ ቁጥር ላላቸው ሁለት ሰዎች የተለያየ ውሳኔ የሚሰጠው በዚህ ነው። በቤተሰቡ እንዲህ ያለ ሞት እያለ የራሱ ኤልዲኤል ደህና የሆነ ሰው ደግሞ ሊፖፕሮቲን ኤ ስለሚባለው የደም ስብ ዓይነት ምርመራ ሐኪሙን ይጠይቅ። እሱ ከሞላ ጎደል በዘር ብቻ የሚወሰን ነው፣ በሩጫም አይወርድም፣ በዕድሜ አንዴ መለካት ይበቃል።

3. መስታወት ፊት ቁሙ፣ ከዚያ ተረከዛችሁን ዳስሱ

ሁለት ደቂቃ ነው። ከተረከዝ በላይ ያለውን ወፍራም ጅማት በሁለት ጣት ያዙትና ወደ ላይ ሂዱ። ለስላሳና እኩል መሆን አለበት። የተወፈረ ወይም እብጠት ያለበት ከሆነ ኮሌስትሮል ተጠራቅሞበት ሊሆን ይችላል። የእጅ ጣቶች ጅማት ላይም እንዲሁ። ከዚያ የዓይን ጥቁሩ ክፍል ዳር ላይ ነጣ ያለ ቀለበት እንዳለ እዩ። በሽማግሌ ላይ የተለመደ ነው፣ ከ45 ዓመት በፊት ከመጣ ግን ያስጠረጥራል። ምንም ካላያችሁ ነጻ ናችሁ ማለት አይደለም። ካያችሁ ግን 15 ሳምንት አትጠብቁ፣ በቀጥታ ወደ ሐኪም።

4. የመጀመሪያውን ምርመራ ቀን በጾም አስሉ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ እኔን ጨምሮ። አንድ ዓመት ከዐቢይ ጾም በፊት ተመርምሬ መራመድ ጀመርኩ፣ ሁለተኛውን በሕማማት ሳምንት ተመረመርኩ። ኤልዲኤሌ በ30 ወረደ። ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አወራሁ። ከፋሲካ አንድ ወር በኋላ ስደግመው ወደ ቦታው ተመልሷል። ያወረደው እግሬ አልነበረም፣ 55 ቀን ቅቤና ሥጋ አለመብላቴ ነው።

ስለዚህ ሁለቱም ምርመራ በጾም ይሁን፣ ወይም ሁለቱም በፍስክ። ለጾመኛ የሚመቸው የእኔ አቆጣጠር ይህ ነው፦ የመጀመሪያው ነሐሴ 14፣ ፍልሰታ በገባ በ14ኛው ቀን። ሁለተኛው ኅዳር 28፣ ጾመ ነቢያት በገባ በ14ኛው ቀን። ሁለቱም ከጾሙ እኩል ርቀት ላይ ናቸው፣ በመካከላቸው 15 ሳምንት ተኩል አለ፣ ክረምቱም እየወጣ ስለሆነ ጭቃው ይቀንሳል። ሙስሊም ከሆናችሁም ያው ነው፣ አንዱ ረመዳን ውስጥ ሌላው ከረመዳን ውጭ አይሁን።

ለምርመራው ማታ 2 ሰዓት እራት በልታችሁ ጠዋት 2 ሰዓት ኑ። ውሃ መጠጣት ይቻላል። ሁለት ቀን ቀድማችሁ ከባድ እንቅስቃሴ አቁሙ፣ የአንድ ቀን ጉዞ ብቻውን ትራይግሊሰራይድን ለአንድ ሁለት ቀን ያወርዳልና። ጠላና አረቄም ሦስት ቀን ይቅሩ፣ መጠጥ ትራይግሊሰራይድን ያንራል። ጉንፋን ወይም ወባ ከያዛችሁ ሌላ ቀን ይሁን፣ ሕመም ኤልዲኤልን አውርዶ ያሳያል።

ሐኪም ካያችሁ የታይሮይድና የስኳር ምርመራም ጠይቁ። ደጋው ላይ እንቅርት ያለበት ሰው ጥቂት አይደለም። የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ኤልዲኤል ይጨምራል፣ ያንን ካከሙት ደግሞ ይወርዳል። ይህን ሳያዩ አያትን መውቀስ ግፍ ነው።

5. ተራመዱ

- 1ኛና 2ኛ ሳምንት፦ 20 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን
- ከ3ኛ እስከ 5ኛ፦ 30 ደቂቃ፣ 5 ቀን
- ከ6ኛ እስከ መጨረሻ፦ 40 ደቂቃ፣ 5 ቀን፣ ከነዚህ ሁለቱ ቀን ዳገት ያለበት መንገድ
- ከ6ኛ ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ፦ ከዱካ ላይ ቁጭ ብድግ 10 ጊዜ፣ ግድግዳ መግፋት 10 ጊዜ፣ ሁለቱም ሦስት ዙር

ፍጥነታችሁን በኪሎ ሜትር አትለኩ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 ገደማ፣ ሜዳውም አንድ አይደለም። መለኪያው አፋችሁ ነው፦ ማውራት ትችላላችሁ፣ መዝፈን ግን አትችሉም። መዝፈን ከቻላችሁ ፈጠን በሉ። ማውራት ካቃታችሁ ቀነስ አድርጉ።

ባሕር ዳር ያለ ሰው ሜዳውን ቀን በጣና ዳር፣ ዳገቱን ቀን ወደ ቤዛዊት ይውጣ። ደብረ ማርቆስ ያለ ሰው ዳገት መፈለግ አያስፈልገውም፣ ዳገቱ ይፈልገዋል። በጣም በጠዋት አትውጡ፣ አስፋልቱ ገና የውሾቹ ነው።

ለምን አምስት ቀን? ጡንቻው ያበዛው ኢንዛይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ወደ ነበረበት ስለሚመለስ ነው። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ተጉዞ አምስት ቀን በባጃጅ መሄድ እኩል አይሆንም።

ገበሬ ወይም ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሸከም ሰው ከሆናችሁ ይህን ደረጃ ዝለሉት። እናንተ 15 ሳምንቱን በየዓመቱ ትሠሩታላችሁ። ሞፈር ይዞ የሚውል ሰው ኤልዲኤሉ 190 ከሆነ መልሱ ገና ሳይራመድ ወጥቷል፣ ከመቀመጥ አይደለም። ወደ 7ኛው እለፉ።

6. ሌላውን ሁሉ እንደነበረ ተዉት

ይህ ያናድዳል፣ አውቃለሁ። ሰው ስፖርት ሲጀምር ዘይቱንም፣ ቡናውንም፣ ቅቤውንም አብሮ መቀየር ይወዳል። ለጤናው ጥሩ ነው፣ ለመለየት ግን አይሆንም። ከሚረጋው ዘይት ወደ ኑግ ዘይት በመሃል ከቀየራችሁ የዘይቱን ሥራ ለእግራችሁ ትሰጣላችሁ። መቀየር ከፈለጋችሁ ከመጀመሪያው ምርመራ ሁለት ወር ቀድማችሁ ቀይሩ፣ ወይም ከሁለተኛው በኋላ።

ቡናም እንዲሁ ነው። የጀበና ቡና በወረቀት አይጣራም፣ ያልተጣራ ቡና ውስጥ ደግሞ ኤልዲኤልን ከፍ የሚያደርግ ካፌስቶል የሚባል ቅባት አለ። አቁሙ አላልኩም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የምትጠጡ ከሆነ እስከ መጨረሻው በረካ ድረስ ጠጡ።

በየሳምንቱ እሑድ ስንት ቀን እንደሄዳችሁ፣ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ጻፉ። ወገባችሁን በእምብርት ትክክል በወር አንዴ ለኩ። ወገብ ከቀነሰ ትራይግሊሰራይድም አብሮ ይወርዳል፣ በሁለተኛው ወረቀት ላይ ያንን ታያላችሁ።

7. ሁለተኛውን ወረቀት ከመጀመሪያው ጎን አስቀምጡ

በዚያው ላብራቶሪ፣ በዚያው ሰዓት። የሚታየውን ለማስረዳት የራሴን ላሳያችሁ፣ ከስህተቱ በኋላ በደንብ የሠራሁትን።

መጀመሪያ፦ ጠቅላላ 247፣ ኤልዲኤል 171፣ ኤችዲኤል 38፣ ትራይግሊሰራይድ 190።
ከ15 ሳምንት በኋላ፦ ጠቅላላ 231፣ ኤልዲኤል 164፣ ኤችዲኤል 41፣ ትራይግሊሰራይድ 128።

ጠቅላላውን ብቻ ያየ ሰው 16 ወረደ ብሎ ያጨበጭባል። ዝርዝሩን እዩት። ከፍተኛው ለውጥ የትራይግሊሰራይድ ነው፣ አንድ ሦስተኛው ሄዷል። እሱ የእግሬ ድርሻ ነው። ኤልዲኤል የቀነሰው በ7 ነው፣ ያም 4 በመቶ። ኤልዲኤል ምንም ሳናደርግ እንኳ ከቀን ቀን በዚህ ልክ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ስለዚህ ከ10 በመቶ በታች የሆነውን «ወረደ» አልለውም። ኤልዲኤሌ በነበረበት ቀርቷል። የሞጣው ጋሼ እዚያ ውስጥ እንዳሉ ገመትኩ።

የእናንተ ከሚከተሉት ወደ አንዱ ይጠጋል።

*ትራይግሊሰራይድ በደንብ ወርዶ ኤልዲኤልም ከ10 በመቶ በላይ ከወረደ፣* መቀመጥና ክብደት ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ቀጥሉበት፣ ካቆማችሁ ይመለሳል።

*እንደ እኔ ትራይግሊሰራይድ ወርዶ ኤልዲኤል ከቆመ፣* እንቅስቃሴው ሠርቷል፣ የቀረውን የሚይዘው ምግብና ዘር ነው። አሁን ዘይቱንና ቅቤውን መንካት ትችላላችሁ። በ2ኛው ደረጃ ምልክት ያደረጋችሁበት ዘመድ ካለ ግን ሁለቱን ወረቀትና ደብተሩን ይዛችሁ ውስጥ ደዌ ሐኪም ጋ ሂዱ። እኔም ሄድኩ፣ ስታቲን (ኮሌስትሮል የሚያወርድ መድኃኒት) ተጀመረልኝ፣ መራመዱንም አላቆምኩም።

*ኤልዲኤል 190 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከቀረ፣* ይህ በእግር የሚታረም አይደለም፣ የእናንተ ስንፍናም አይደለም። መድኃኒት የሚያስፈልገው ዓይነት ነው። የተበላሸው ጂን ወደ እያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ስለሆነ ወንድም፣ እህትና ልጆችም ይመርመሩ። ልጆች ቢዘገይ ከ9 እስከ 11 ዓመት ባለው ጊዜ መለካት አለባቸው። ቀጭን መሆናቸውን አትዩ።

*ምንም ካልተነቃነቀ፣* መጀመሪያ ደብተሩን እዩ። ከሳምንቱ አምስት ቀን ስንቱ እውነት ነበር?

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

*በአራት ሳምንት መመርመር።* ኤችዲኤል ቀርፋፋ ነው፣ ለውጡ ለመታየት ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋል። ቶሎ የተመረመረ ሰው ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል።

*ነጭ ሽንኩርት በማርና በሎሚ እየጠጡ መድኃኒት ማቆም።* መጠጣቱን ጠጡ። መድኃኒቱን ግን በዚህ አትተኩ።

*ስታቲን ጀምሮ ጡንቻ ሲያም ዝም ማለት።* ከጉዞ በኋላ የሚመጣ ቀላል ሕመም በሁለት ሦስት ቀን ይለቃል። የማይለቅ ሕመም ወይም እንደ ሻይ የጠቆረ ሽንት ካለ በዚያው ቀን ለሐኪም ይነገር። ልጅ ለመውለድ ያሰበች ሴትም ስታቲን ከመውሰዷ በፊት ለሐኪሟ ትንገር።

*«የዘር ከሆነማ ምን አደክመኝ» ብሎ መቀመጥ።* ጉዞው ኤልዲኤልን ባይነካ እንኳ የደም ግፊትን፣ ስኳርንና ትራይግሊሰራይድን ያወርዳል። በዘር ኤልዲኤሉ ከፍ ላለ ሰው ልብ እነዚህ ተጨማሪ ሸክሞች ናቸው፣ ከማንም በላይ መራመድ ያለበት እሱ ነው።

*የመጀመሪያውን ወረቀት መጣል።* በየወሩ «ያኔ ስንት ነበርኩ?» የሚል ሰው መስኮቴ ላይ ይመጣል። የቆየ መዝገብ ማግኘት ሁልጊዜ አይቻልም። ወረቀቱን እንደተቀበላችሁ፣ ገና ከመስኮቱ ሳትርቁ፣ ፎቶ አንሱት።